ከእናቱና ከክፍላችን ማን ይቅደም? በጨቅላ ሕፃናት ክፍል መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ለመግታት ለወሎ ነርሶችና አዋላጆች የተጻፈ መመሪያ

ያለ ቀኑ ተወልዶ ከደላንታ በአምቡላንስ ደሴ የደረሰ፣ 1,400 ግራም የሚመዝን ሕፃን በክፍላችን በር ሲገባ ቆዳውም አንጀቱም ሰው እንዳልሰፈረበት መሬት ነው። ባዶ ግን አይቆይም። በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሰፋሪ ባክቴሪያ ይይዘዋል። ሰፋሪው ከእናቱ ቆዳና ጡት የመጣ ከሆነ ለሕፃኑ አጥር ይሆነዋል። ከእኛ እጅ፣ ከኦክስጅኑ ጠርሙስ ወይም ከሚዛኑ የመጣ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ክሌብሴላ ወይም አሲኔቶባክተር ነው፤ በሆስፒታል ውስጥ ኖሮ መድኃኒት የለመደ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እናትየዋ እንድትቀድም ለማድረግ ነው።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የምጽፈው በወልድያ፣ በላሊበላ፣ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ ወይም በከሚሴ አዲስ ለተመደባችሁ ነርሶችና አዋላጆች ነው። የመድኃኒት መጠን አልጽፍም፤ እሱ የሐኪሙና የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ ድርሻ ነው። በአውሮፓውያን 2019 የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ በደም ውስጥ የሚሰራጭ ኢንፌክሽን ነው።

ምን እንደገጠመን

በኢንፌክሽን ለተጠረጠረ ጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያ የምንሰጠው አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ነው። ክሌብሴላ ግን አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ስለዚህ ሸክሙን የሚሸከመው ጄንታሚሲን ብቻ ነው። ባክቴሪያው እሱንም ከለመደ ወደ ሴፎታክሲም እንሄዳለን። ሴፎታክሲምን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያለው ክሌብሴላ ሲገጥመን ሜሮፔነም ይታዘዛል፤ ሜሮፔነምን የሚሰብርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው የአደገኛ ባክቴሪያዎች ዝርዝር የመጀመሪያውን ረድፍ የያዘው ይኸው ሜሮፔነምንና ዘመዶቹን የሚቋቋመው ክሌብሴላ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበው ባክቴሪያው ይህን ችሎታ ለብቻው አለመያዙ ነው። ገበሬ ለጎረቤቱ ዘር እንደሚያበድር፣ መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘረመል ለሌላው፣ ከወገኑ ውጭ ላለ ባክቴሪያ ሳይቀር ያውሰዋል። ስለዚህ በአንድ አልጋ ላይ ያለ አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ ለክፍሉ ሁሉ ይተርፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ጨቅላ ሕፃን በኢንፌክሽን ሲታመም ሁልጊዜ አያተኩስም፤ ሊቀዘቅዝም ይችላል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ሕፃኑ ሲቀዘቅዝ «ብርዱ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሙቀቱ ከ35.5 ዲግሪ በታች ከወረደ አሙቁት፤ ግን ጡት መጥባት ትቶ እንደሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ይተነፍስ እንደሆነ፣ ካልነካካችሁት የማይንቀሳቀስ እንደሆነ በዚያው ቅጽበት እዩ። ከነዚህ አንዱ ካለ ብርድ ብቻ አይደለምና ሐኪም ይጠራ።

አንደኛ፦ እጅ

ወሎ ውስጥ እጅ መታጠብን እንደ አዲስ ነገር ማስተማር አያስፈልግም። ውዱእ የምታደርግ እናት ውሃውን በእጇ ላይ ታፈሳለች፤ በጣቶቿ መካከል ሳትቀር ታሻለች። ማዕድ ሲቀርብ የቤቱ ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ በእንግዳው እጅ ላይ ያንቆረቁራል። ሰው በታጠበበት ውሃ የሚታጠብ የለም። ሆስፒታል ውስጥ ግን ውሃ ሲጠፋ ሁላችንም እጃችንን የምንነክርበት ሳፋ ተቀምጦ አይቻለሁ። ሳፋው ዛሬውኑ ይውጣ። በምትኩ ቧንቧ ያለው ባልዲ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ፤ በየፈረቃው መጀመሪያ መሙላቱን የሚያረጋግጥ ሰው በስም ይመደብ፤ በቀን አንድ ጊዜ ተራግፎ ይታጠብና ይድረቅ። በሳሙና መታጠቡ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። ለሁሉም ሰው የተሰቀለ አንድ ፎጣ ካለ አውርዱት።

በቆሻሻ ላልተነካካ እጅ አልኮል ይሻላል፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ እስኪደርቅ ድረስ እየታሸ። «አልኮል የለም» ለሚለው መልስ አለ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ሊያዘጋጀው ይችላል፦ 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ 10 ሊትር እስኪሞላ ድረስ የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ከተደባለቀ በኋላ 72 ሰዓት ተቀምጦ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ኢታኖል በእሳት የሚያያዝ ስለሆነ ዝግጅቱ የፋርማሲ ባለሙያ ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብና በየሳምንቱ መከታተል ነው። ሲመጣም በር ላይ አንድ ጠርሙስ አይበቃም። ከእያንዳንዱ ሕፃን አልጋ አጠገብ ይሁን፤ ሦስት እርምጃ ርቆ የተቀመጠ አልኮል በሥራ ብዛት ውስጥ ይረሳል።

ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ጓንት ሳይቀየር ከተኬደ ጓንቱ ራሱ ጀርም ተሸካሚ ነው። ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ይውለቅ፣ እጅጌም እስከ ክርን ይሰብሰብ። ስልካችሁን ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን ሳታጸዱ ሕፃን አትንኩ።

ለበላይ ሐኪም «እጅዎን አላጸዱም» ማለት በእኛ ባህል ከባድ ነው፤ አውቀዋለሁ። ያገኘሁት መፍትሔ ቀላል ነው። ሐኪሞቹ ሕፃናቱን የሚያዩበት ዙር ሲጀመር ጠርሙሱን ይዤ እቆምና «ዶክተር፣ አልኮሉ ይኸውና» እላለሁ፤ በየአልጋውም እደግመዋለሁ። እስካሁን የተቀየመኝ የለም።

ሁለተኛ፦ እናትን ማስቀደም

ከሁሉም እርምጃ ይህን አብልጬ እወዳለሁ፤ ከማንኛውም ግዥ ርካሽ ነውና።

የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ መያዝ፣ በአውሮፓውያን 1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ የተጀመረው ማሞቂያ ማሽን በመጥፋቱና ኢንፌክሽን በመብዛቱ ነበር። በ2021 ውጤቱ የታተመ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት ደግሞ ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሕፃናት «እስኪረጋጉ» ሳይጠበቅ፣ እንደተወለዱ ከእናታቸው ደረት ላይ ሲደረጉ በ28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት በሩብ ያህል እንደቀነሱ አሳየ። በደም ኢንፌክሽን የተጠረጠሩትም ቀንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን የሚመክረው በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናትየዋ እጇን ትታጠብ፣ ንጹሕ ልብስ ትልበስ። ሕፃኑ ኮፍያ፣ ካልሲና የሽንት ጨርቅ ብቻ አድርጎ ደረቱ ከደረቷ ጋር እንዲገናኝ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፉ፤ ፊቱ ወደ ጎን ይዙር፣ አንገቱም እንዳይታጠፍ በጥቂቱ ቀና ይበል። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፤ ደሴ ላይ ከሆነ ጋቢ ከላይ ይደረብበት። ኦክስጅን ወይም የመመገቢያ ቱቦ ያለው ሕፃንም ክትትል እየተደረገለት እንዲህ መታቀፍ ይችላል። ይህ እንዲሆን እናት በክፍሉ ውስጥ የምትቀመጥበት ወንበር ወይም አልጋ ያስፈልጋታል፤ ኮሪደር ላይ በምንጣፍ ተኝታ በየሦስት ሰዓቱ የምትጠራ እናት ልጇን ከጀርም ልትቀድምለት አትችልም።

ወተቱ ሁለተኛው መቅደሚያ ነው። በተቻለ መጠን ከወሊድ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማለብ ይጀመር፤ ከዚያ በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች፣ እንገሩ፣ ጥቂት ቢሆኑም በሕፃኑ አፍ ውስጥ ይግቡ። እያንዳንዷ እናት የራሷ ኩባያ ይኑራት፤ በሳሙና ታጥቦ ይቀቀል። ማቀዝቀዣ ከሌለ የታለበው ወተት ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቆላው ላይ፣ ባቲ አካባቢ እንዳለው ሙቀት ከሆነ ደግሞ ወዲያው ቢሰጥ ይሻላል። ጡጦ ክፍላችን ውስጥ ቦታ የለውም።

አያቶች ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፤ ሕፃኑን ሊያስውጡት፣ እትብቱንም ሊቀቡት። በቁጣ መመለስ አያስፈልግም። «እማማ፣ ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን፤ ለልጁ እንገሩ ይበቃዋል» ስላቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ። ጠያቂ ሲበዛም እኚህኑ እማማ አጋር አድርጉ። አገራችን አራስን ከእንግዳ እግር የመጠበቅ የቆየ ወግ አለው፤ ከቤተሰቡ ማን እንደሚገባና ማን ውጭ ቆሞ ዱአ እንደሚያደርግ አያቲቱ ሲወስኑ ከዘበኛው ቃል ይልቅ ይከበራል።

ሦስተኛ፦ ውሃ ያለበት ዕቃና በጋራ የምንጠቀምበት ዕቃ

እነዚህ ባክቴሪያዎች እርጥበት ይወዳሉ። የኦክስጅን ማርጠቢያ ጠርሙስ ውስጥ የሳምንት ውሃ ካለ ጀርም እያራባን ነው። በአፍንጫ በዝቅተኛ ፍሰት ለሚሰጥ ኦክስጅን ብዙ ጊዜ ማርጠቢያ አያስፈልግም፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ካስፈለገ የጸዳ ውሃ ብቻ ይግባበት፣ በየቀኑ ይቀየር፤ ትናንት በተረፈው ላይ መጨመር ክልክል ነው። የእጅ መታጠቢያው ገንዳ ጉሮሮም መኖሪያቸው ነው፤ የተረፈ ወተትም ግሉኮስም አትድፉበት፣ መድኃኒትም አጠገቡ አታዘጋጁ።

የሙቀት መለኪያ፣ ማዳመጫና የኦክስጅን መጠን ማሳያ ለእያንዳንዱ ሕፃን ካልደረሰ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ በአልኮል ይጠረግ። ሚዛኑ ላይ የሚነጠፈው ጨርቅ ለእያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ይሁን። ንፍጥ መምጠጫ ቱቦ ከአንድ ሕፃን ወደ ሌላ አይሄድም።

በረኪና ስትበጠብጡ በዓይን አትገምቱ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ደም ለነካው ቦታ ነው። አንድ እጅ ከ49 እጅ ውሃ ጋር ደግሞ 0.1 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ለወለልና ለሌላው ገጽ ነው። መጀመሪያ ግን ቆሻሻው በሳሙናና በውሃ ይነሳ፤ ቆሻሻ በረኪናን ያደክመዋል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ማሞቂያ ሣጥኑን ሕፃኑ ውስጡ እያለ በበረኪና አትጥረጉት።

በአልጋዎች መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ይኑር። ሁለት ሕፃናት በአንድ ማሞቂያ የሚተኙባቸው ቀናት እንዳሉ አልክድም። እንዲያ ሲሆን አንዱን ወደ እናቱ ደረት ማዛወር ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይቻላል።

አራተኛ፦ ግሉኮስና መርፌ

ወጣት ነርስ ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል በአንድ ሳምንት ሦስት ሕፃናት በተመሳሳይ ሁኔታ ታመሙ። መደርደሪያው ላይ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ የግሉኮስ ከረጢት ነበር፤ ሁላችንም ለሁሉም ሕፃናት የምንቀዳበት፣ ከተከፈተ ቀናት ያለፉት። እኔም ቀድቼበታለሁ። ከረጢቱ አልተመረመረም፤ ስለዚህ መንስኤው እሱ ነው ብዬ መማል አልችልም። አንዱ ሕፃን ሞተ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአንድ ከረጢት ለሁለት ሕፃናት ቀድቼ አላውቅም።

ከረጢትና ብልቃጥ ለአንድ ሕፃን ብቻ ይሁን፤ ሲከፈት ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበት፣ የተረፈው ይወገድ። አንድ ብልቃጥ ለብዙዎች ማካፈል ግድ ከሆነ በፋርማሲ፣ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ጊዜ በአዲስ ሲሪንጆች ይከፋፈል። በክዳን ላይ ተሰክቶ የሚቀር መርፌ አይኑር። ክዳኑን በአልኮል ጠርጋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ካኑላውንም፣ በደም ሥር የገባውን ቀጭን ቱቦ፣ በየፈረቃው እዩት፤ ቀልቶ ወይም አብጦ ከሆነ፣ ወይም ከእንግዲህ የማያስፈልግ ከሆነ ይውጣ።

አምስተኛ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ደም

የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ በላቦራቶሪ የሚታይ የደም ናሙና፣ ሳይወሰድ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በሦስተኛው ቀን የምንወስነው በግምት ነው። ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል፤ ከአሮጌ ካኑላ ሳይሆን ከአዲስ የደም ሥር። ቆዳው ይጸዳ፣ ይድረቅ፣ ዳግም በጣት አይዳሰስ። የጠርሙሱም አፍ በአልኮል ይጠረግ። የተወሰደበት ሰዓት ይጻፍ። ጠርሙሱ ላቦራቶሪ እስኪደርስ በክፍል ሙቀት ይቆይ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ባክቴሪያው ላያድግ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት ብዙ ዕቃ ተዘርፎባቸዋል፣ ወድሞባቸዋል። ሆስፒታላችሁ ካልቸር የማይሠራ ከሆነ በደሴ ከሚገኘው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ጋር ናሙና ስለሚላክበት መንገድ አስተዳደራችሁ እንዲነጋገር ጠይቁ። ደም ለመውሰድ ሲባል ግን ሊሞት ለደረሰ ሕፃን መድኃኒት አይዘግይ።

ስድስተኛ፦ «ይቀጥል» የምትለው ቃል

በሕፃናት ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የማነባት ቃል «ይቀጥል» ናት። በጥርጣሬ የተጀመረ አንቲባዮቲክ በ48 ሰዓቱ መልስ ሊያገኝ ይገባል፦ ካልቸሩ ምንም ካላበቀለና ሕፃኑ ደህና ከሆነ ሐኪሙ ያቁመው፤ ባክቴሪያው ከታወቀ እሱን ወደሚገድል ጠባብ፣ ማለትም ጥቂት ባክቴሪያዎችን ብቻ ወደሚመታ መድኃኒት ይቀየር። ነርስ ማዘዝ ባትችልም ማስታወስ ትችላለች። መድኃኒቱ የተጀመረበትን ሰዓትና 48 ሰዓት የሚሞላበትን በካርዱ ፊት ላይ በትልቁ ጻፉ፤ በዙር ላይ አንብቡት።

የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ከፍሏቸዋል። አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን በቅድሚያ ከምንጠቀምባቸው፣ ሴፎታክሲምና ሜሮፔነም በጥንቃቄ ከምንጠቀምባቸው ናቸው፤ ኮሊስቲን ለመጨረሻ የተቀመጠ ነው። ሜሮፔነም ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ አባት ነው ከግል መድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚያመጣው። በግ ሸጦ የገዛውን መድኃኒት ሰዓቱን ማሳለፍ ለሕፃኑም ለክፍሉም በደል ነው፤ ያለአግባብ ማዘዝም እንዲሁ። መግዛት ካልቻለ ዝም ብላችሁ «አልተሰጠም» ብላችሁ አትለፉ፤ በዚያው ሰዓት ለሐኪሙና ለማኅበራዊ አገልግሎት ንገሩ።

ሰባተኛ፦ ሁለት ሕፃናት አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሲገኝባቸው

በጥቂት ቀናት ልዩነት ተመሳሳይ መድኃኒቶችን የሚቋቋም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በሁለት ሕፃናት ደም ከተገኘ አጋጣሚ ነው ብላችሁ አትለፉ። በዚያው ቀን ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ይነገር። ወረቀት ላይ ስማቸውን፣ የተኙበትን አልጋ፣ የተንከባከባቸውን ሠራተኛ፣ የወሰዱትን ፈሳሽና የተጠቀሙበትን ማሽን በቀን ጻፉ፤ የሚያገናኛቸው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ ወረቀት ላይ ይወጣል። የተከፈተ ፈሳሽና ብልቃጥ ሁሉ ይጣል። የታመሙት በአንድ ጥግ ሆነው የራሳቸው ነርስና የራሳቸው ዕቃ ይኑራቸው፤ በዚያ ፈረቃ ያቺ ነርስ ወደ ሌሎቹ አትሂድ። ባክቴሪያው በአንጀቱ ተገኝቶ ሕመም ለማያሳይ ሕፃን ግን አንቲባዮቲክ አይሰጥም። ተሸካሚ ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም።

እናቶቹንም አታስደንግጡ፤ እውነቱንም አትደብቋቸው። «እህቴ፣ ልጅሽ ላይ ጠንካራ ጀርም አግኝተናል፤ የመጣው ከአንቺ አይደለም፤ እጅሽን ከመንካትሽ በፊትና በኋላ በማጽዳት ታግዢናለሽ» ማለት ይበቃል። «ከአንቺ አይደለም» የሚለውን አትዝለሉት። ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ያድራሉ።

ስምንተኛ፦ ወደ ቤት ሲሄድ

ሕፃኑ ድኖ ሲወጣ መድኃኒት የለመደው ባክቴሪያ በአንጀቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እናትየዋ የሽንት ጨርቅ ከቀየረች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ የጡት ወተት ብቻ ትስጠው፤ እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መግዛት አይታሰብ። መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ትውሰደው። አባትና አያት ባሉበት ይነገር፤ ጉዞውን የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸውና።

በመውጫ ወረቀቱ ላይ «ዳነ» ብቻ አትጻፉ። የትኛው ባክቴሪያ እንደተገኘ፣ የትኞቹ መድኃኒቶች እንዳልሠሩና የትኛው እንዳዳነው በሚነበብ ጽሑፍ ይስፈር፤ የክፍሉ ስልክ ቁጥርም ከታች ይጻፍ። ወረቀቱን በፕላስቲክ አድርጋችሁ ለእናትየዋ ስጧትና «ልጁ ዳግም ቢታመም ለመጀመሪያው ሐኪም ይህን አሳዪ» በሏት። በወገል ጤና ከተማ ወይም በባቲ ሌሊት ተረኛ የሆነው ባለሙያ ሕፃኑን ሲቀበል በእጁ የሚኖረው መረጃ እሱ ብቻ ነው።